ራፑንዘል ቅጠል ነው

«ራፑንዘል ማለት ባለ ረጅም ጸጉር፤ ጥንታዊ የጀርመን ስም» ያሉን ጸሐፊ ሁለቱንም ስተዋል። ራፑንዘል ለሰላጣ የሚሆን ቅጠል ነው። በራፑንዘል ተረት ነፍሰ ጡሯን እናት ያማራት ይኸው ነው፤ ባሏ ከጠንቋይዋ ጓሮ ሲሰርቅ ተያዘ፣ የልጅቱም ስም ከዚያው ወጣ። ጸሐፊው የተረቱን መጀመሪያ እንኳ ያነበቡት አይመስለኝም።

«ጥንታዊ» የተባለውስ? ወንድማማቾቹ ግሪም እ.ኤ.አ. በ1812 ያሳተሙት ተረት ምንጩ ፍሪድሪክ ሹልትስ በ1790 ያወጣው ነው። እሱም ከፈረንሳይኛ ወሰደው። ፈረንሳዊቷ ደራሲ ማድሟዜል ደ ላ ፎርስ በ1698 ልጅቱን «ፔርሲኔት» ብላታለች፤ ከፓርስሊ። ከዚያም በፊት፣ በ1634 በታተመው የባሲሌ የናፖሊ ተረት «ፔትሮሲኔላ» ነበረች፤ ያውም ፓርስሊ! ፓርስሊውን በራፑንዘል የተካው ሹልትስ ነው።