ጀማሪ አናጺ በቀጭኑ መጋዝ ይጀምር

ሐርጌሳ እንጨት የሚባክንባት ከተማ ልትሆን አይገባም። ዙሪያዋ ደረቅ ምድር ነው። ሶማሌዎች ገሎል የሚሉት ግራርም አናጺ እጅ ከመግባቱ በፊት ከሰል ይሆናል፤ የከተማዋ ማድቤት በአመዛኙ በከሰል ነውና የሚያበስለው። ለበር፣ ለአልጋና ለቁም ሣጥን የሚሆነው ጣውላና ኮምፔንሳቶ በመርከብ በርበራ ይደርሳል፤ ከዚያ 160 ኪሎ ሜትር ያህል በጭነት መኪና ተጉዞ ነው ወርክሾፑ ደጃፍ የሚራገፈው። እንዲህ ባሕርና በረሃ አቋርጦ የመጣን እንጨት ሙያውን ገና ለሚለማመድ እጅ አሳልፎ መስጠት ለባለቤቱም ለተማሪውም ከባድ ነው። ባለቤቱ ይሳሳል፤ ተማሪው ይፈራል፤ በመጨረሻ ልጁ ጣውላ እየደገፈና ብናኝ እየጠረገ ወራት ይቆጥራል። ስለዚህ በሐርጌሳ የእንጨት ሥራ የሚያስተምር ሁሉ፣ ኢትዮጵያዊም ይሁን ሶማሌ፣ ጀማሪውን በትልቁ ክብ መጋዝ ፊት ከማቆሙ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ስክሮል ሶው በሚባለው የጠረጴዛ ቀጭን መጋዝ ላይ፣ ያውም በቁርጥራጭ እንጨት፣ እንዲያሳልፍ ማድረግ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ስክሮል ሶው ለማያውቀው ሰው ከልብስ ስፌት መኪና ጋር ቢያመሳስለው ይቀለዋል። ከሰጌቶ ምላጭ እጅግ የቀጠነ፣ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ምላጭ ከላይና ከታች ተወጥሮ ይታሰራል፤ ሞተሩ በደቂቃ ከ400 እስከ 1,600 ጊዜ ገደማ ሽቅብና ቁልቁል ያመላልሰዋል። ብዙዎቹ ትናንሽ ማሽኖች የሚፈልጉት ኃይል በአንድ የድሮ ባለ 100 ዋት አምፖል ልክ ነው። ክብ መጋዝ በአንድ ቆረጣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት በልቶ ብናኝ ሲያደርግ፣ ይህ ምላጭ የሚበላው ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከሌላ ሥራ የተረፈ የመዳፍ ስፋት ያለው ቁራጭ ለአንድ ሙሉ ቀን ትምህርት ይበቃል። ተማሪው ቢያበላሸው የሚጠፋው ለምድጃ ታስቦ የነበረ እንጨት ነው፤ ደግሞ የመሳሳት ነጻነት የሌለው ተማሪ መቼም እጁ አይፈታም።

የመጀመሪያው ትምህርት ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ብዙዎች የሚንቁትና የሚዘሉትም ይኸው ነው። ምላጩ ጥርሱ ወደ ታች ዞሮ መታሰር አለበት፤ ተገልብጦ ከታሰረ እንጨቱን ከጠረጴዛው እያነሣ ያንቀጠቅጠዋል። ውጥረቱ በጣት ሲነካ እንደ ክራር ክር ጥርት ያለ ድምፅ እስኪሰጥ መክረር አለበት፤ ከላላ ቆረጣው ይንጋደዳል። ከዚያ ጀማሪውን የሚያስደንቅ ነገር ይመጣል፤ እንጨቱን በቀጥታ ቢገፋም ምላጩ ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። ምላጩ ሲመረት በአንድ ጠርዙ ላይ ትንሽ ሸካራነት ስለሚቀር እንጂ ጥፋቱ የተማሪው አይደለም። መፍትሔው ከማሽኑ ጋር መታገል ሳይሆን እንጨቱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ መግፋት ነው። ሁለተኛው ነገር ጉልበት አለመጠቀም ነው። የቸኮለ እጅ ምላጩን ያጎብጠዋል፤ ላይኛው ፊት ከመስመሩ ሳይወጣ ታችኛው ሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ወይም ምላጩ ይበጠሳል። መጋዙ በራሱ ፍጥነት እንዲበላ መጠበቅን ሰው በቃል ተነግሮት አይማረውም። እዚህ ማሽን ላይ ግን ትዕግሥት ያጣ ሰው ስሕተቱን ወዲያው በዓይኑ ያየዋል።

ከመስመር ቀጥሎ ለአማርኛ አንባቢ ከፊደል የተሻለ መልመጃ አላገኝም። ገና በልጅነት የቆጠርነው ገበታ ለቀጭን መጋዝ ደረጃ በደረጃ የተዘጋጀ ይመስላል። ሀ፣ ለ እና ሠ የተዘጋ ውስጥ ስለሌላቸው ዙሪያቸውን መከተል ብቻ ይበቃል። ዐ አንድ የተዘጋ ክብ አለው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ውስጡን መብሳት፣ ምላጩን ፈትቶ በቀዳዳው ማሳለፍና እንደገና መወጠር ግድ ይሆናል። መ እና ወ ሁለት ሁለት ቀዳዳ ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ የማይሻር ሕግ ይገኛል፤ ውስጡ ይቀድማል፣ ዙሪያው ይከተላል፤ ምክንያቱም ዙሪያው ከተቆረጠ በኋላ ጣት የሚይዘው ነገር የለም። ተ ደግሞ ሌላ ትምህርት አላት። መስቀል ቅርጽ ስለሆነች አንደኛው ክንዷ የግድ የእንጨቱን ጅማት አቋርጦ ይተኛል፤ በወጥ ጣውላ ከተቆረጠች ያ ክንድ በቀላሉ ይሰበራል። ተማሪው ኮምፔንሳቶ ለምን ንብርብሩ እያቆራረጠ በኮላ እንደተጣበቀ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ለሶማሌው ተማሪ የላስ ጌል ላሞች አሉለት። ከሐርጌሳ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በድንጋይ ላይ የተሳሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ለዓለም ያስተዋወቋቸው እነዚያ ላሞች ቀጫጭን እግራቸውና ቅስት ቀንዳቸው የማንኛውንም ጀማሪ እጅ ይፈትናል።

ይህ ሁሉ መጫወቻ ነው፣ እንጀራ የሚሆነው በርና መስኮት ነው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም፤ ከአገሩ ርቆ በሐርጌሳ ጉልበቱን ሸጦ ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚልክ ሰው ለጌጥ ጊዜ የለውም። ነገር ግን እኔ የምጠይቀው ሳምንታት እንጂ ዓመታት አይደለም፤ በእነዚያ ሳምንታት የሚገኘው መስመር የማይስት ዓይን ደግሞ በር ሲገጠምም የሚያገለግል ነው። ጌጡንም ቢሆን መናቅ አይገባም። በአዲስ አበባ ከመቶ ዓመት በፊት የተሠሩ፣ የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች እጅ ያለባቸው ቤቶች ሰገነታቸውን ያስዋበው በቀጭን መጋዝ የተፈለፈለ ሳንቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ለንደን ውስጥ ጆን ስፒልስበሪ የተባለ የካርታ ቀራጺ ካርታ በእንጨት ላይ ለጥፎ በየአገሩ ድንበር ቆርጦ ለልጆች ጂኦግራፊ ማስተማሪያ ሸጧል፤ የዛሬው የገጣጥም ጨዋታ መነሻው ያ ነው። ፊደልን እንዲሁ ቆርጦ ለሕፃናት ማቅረብ የሚችል ሰው ሐርጌሳም ሆነ ጅግጅጋ ገዢ አያጣም። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሐርጌሳ የሚካሄደው የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይም ከውጭ የሚመለሱ እንግዶችን ይስባል። ገበያው ሰፊ ነው አልልም፤ አለ ግን።

ሌዘር ያለበት ዘመን መሆኑን የሚያነሱም ልክ ናቸው። አንድ ዓይነት መቶ ፊደል የሚያስፈልገው ነጋዴ ወደ ሌዘር ቢሄድ አልፈርድበትም። ግን ሌዘር ጠርዙን ያጠቁራል፤ ወፍራም እንጨት ያስቸግረዋል፤ ከሁሉ በላይ ትእዛዙን የሰጠው ሰው ስለ እንጨት ጅማት ምንም ሳያውቅ ሥራው ያልቃል። እኛ የምንነጋገረው ስለ ተማሪ ነው። ማሽኑን መግዛት ላልቻለ ወይም የመብራት ወጪ ለሚከብደው ደግሞ ያው ምላጭ በቅስት ብረት ተወጥሮ በእጅ ይሠራል። ጠረጴዛ ጫፍ ላይ የተቸነከረች፣ አፏ የተሰነጠቀች ሳንቃ ትበቃዋለች።

በአንድ ነገር ግን ከማንም ጋር አልደራደርም፤ በብናኙ። የመጋዙ ብናኝ ደቃቅ ስለሆነ ሳይታይ ይተነፈሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት መድቦታል። በተጨማሪም ብናኝ እሳት ይወዳል። ሐርጌሳ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2022 የዋሂን ገበያዋ በእሳት ሲወድም ያየች ከተማ ናት። ጭምብል ያላደረገ ተማሪ ማሽን ፊት አይቀመጥ፤ ማታ ሳይጠረግ በር አይዘጋ።

ወርክሾፕ ያላችሁ ወገኖች፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ዛሬ ለማገዶ የምትጥሉትን የኮምፔንሳቶና የጣውላ ቁራጭ በአንድ ሣጥን አጠራቅሙ። ነገ ሙያ ፈልጎ በራችሁን ለሚያንኳኳው ወጣት ከመጥረጊያው በፊት ከዚያ ሣጥን አንድ ቁራጭ፣ አንድ እርሳስና አንድ ቀጭን ምላጭ ስጡት።