ሳትሰማ አትመስክር! ስለ ሮክና ሜታል አልበሞች ለሚኮንኑም ለሚያጨበጭቡም



በአንድ የክረምት ምሽት ደብረ ታቦር ላይ ዝናብ ያዘንና ከአንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልን። መግሪብ ሰግደን መውጣታችን ነበር። ከመሐላችን አንዱ ልጅ ከልባሽ ጨርቅ ተራ የገዛውን ጥቁር ሹራብ ለብሷል። ደረቱ ላይ የራስ ቅል፣ ከራስ ቅሉ በላይ ደግሞ እሾህ የመሰለ የፈረንጅ ፊደል አለበት። አንድ ሐጂ አዩትና «አንተ ልጅ፣ ይኼን የሸይጧን ልብስ አውልቅ! እነዚህ እኮ ሸይጧን የሚያመልኩ ናቸው» አሉት። ልጁ አንገቱን ደፋ። «ሐጂ፣ እኔ እንኳ ብርዱን አይቼ ነው የገዛሁት» አለ። አጠገቡ የቆመው ጓደኛው ግን አላስችል ብሎት «ኧረ ሐጂ፣ እርስዎ አያውቁትም እንጂ በዓለም አንደኛ ባንድ ነው!» ሲል ገባበት።

እኔም ሁለቱን ጠየቅኩ። ሐጂን በአክብሮት «የትኛውን ሥራቸውን ሰምተው ነው?» አልኳቸው። «አስተግፊሩላህ! እኔ ምን አሰማኝ!» አሉ። ጓደኛውን «አንተስ የትኛውን አልበም ሰማህ?» አልኩት። ዝም አለ። ቲክቶክ ላይ የአሥራ አምስት ሰከንድ ቁራጭ ሰምቷል፤ በቃ።

አንዱ ሳይሰማ ኮነነ፣ ሌላው ሳይሰማ አወደሰ። ከሦስቱ ሐቅ የተናገረው ብርድ ያንቀጠቀጠው ልጅ ብቻ ነው!

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም። በሙዚቃ መሣሪያ ላይ ብዙኃኑ ዑለማዎች ምን እንዳሉ ታውቃላችሁ፤ ጥያቄ ያለው እነሱን ይጠይቅ። ሙዚቃን ለአላህ ብሎ የተወ ወንድም ካለ አላህ ያጽናው። ግን ለአላህ ብሎ የተወ ሰው «ለአላህ ብዬ ተውኩት» ማለት ይበቃዋል። ለመተው ብሎ ውሸት መጨመር አያስፈልገውም። የኔ ጉዳይ ምስክርነት ነው። «ይህ አልበም እንዲህ ነው» ያልክ ጊዜ ምስክር ሆነሃል። ያላየውንና ያልሰማውን የሚመሰክር ሰው ስሙ ምን እንደሆነ ደግሞ ማናችንም አንስተውም።

ዑለማዎቻችን የሚደጋግሙት አንድ መርሕ አለ፦ በአንድ ነገር ላይ ብይን መስጠት ነገሩን የማወቅ ቅርንጫፍ ነው። ግንዱ ሳይኖር ቅርንጫፍ ከየት ይመጣል?

ሳያውቁ መፍረድ ምን እንደሚያመጣ ከፈለጋችሁ ግብጽን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በጥር 1997 ፖሊስ ሄቪ ሜታል የሚያደምጡ መቶ ገደማ ወጣቶችን «ሸይጧን አምላኪዎች» ብሎ ለቅሞ አሰረ። ጋዜጦች ወሬውን አራገቡት። ጥቁር ቲሸርት፣ ካሴትና ፖስተር እንደ ማስረጃ ተቆጠረ። በመጨረሻ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ነገር ጠፋና ልጆቹ ተለቀቁ። ስማቸውን ግን ማን መለሰላቸው? የእናቶቻቸውን እንባስ ማን ካሰ? እዚያም የተጀመረው በጥቁር ልብስ ነበር።

«ይኼ የግብጽ ነው» እንዳትሉኝ፣ ወደ አገራችን ልመለስ። ከደብረ ታቦር አፍንጫ ሥር ጋፋት አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩባት ቦታ ናት። ዛሬ ሁላችንም በመድፉ እንኮራለን። ነገር ግን በዚህ ደጋ ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ምን ስንለው ኖርን? ቡዳ! ማረሻውን ከእጁ ገዝተን፣ ማጭዱን አስልተን፣ ዞር ስንል «ሰው ይበላል» አልነው። የእኛ አያቶችስ? መሬት ተከልክለው በሽመናና በንግድ ያደሩ ሙስሊሞች ናቸው። ጥበቡን ከእጃቸው እየገዛ የሚለብሰው ሰው «ቁጢት በጣሽ» ብሎ ሰደባቸው። ሳይሰሙትና ሳያውቁት የተፈረደበት ሕዝብ ልጅ ሆነህ በሌላው ላይ ሳትሰማ ስትፈርድ ትንሽ አያሳፍርህም?

ይህን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም፤ ሜታል የምንለው ሙዚቃም ከብረት ቀጥቃጭ ከተማ ነው የወጣው። በርሚንግሃም የምትባል የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ አለች። ቶኒ አዮሚ የሚባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እዚያ ቆርቆሮ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በመጨረሻው የሥራ ቀኑ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው። ጊታር የሚጫወተው በግራ ስለነበር የተቆረጡት ክሩን የሚጫንባቸው ጣቶች ናቸው። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራና ጊታሩን ቀጠለ። ኋላም ክሮቹን አላልቷቸው ድምፁ ወፈረ፣ ከበደ። ብላክ ሳባዝ የተባለው ባንድ ጊታር ተጫዋች እሱ ነው። እንግዲህ ሜታልን የከበደ ድምፅ ካደረጉት ነገሮች አንዱ አንድ ወዛደር በጣቱ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው።

«ድምፁ ግን የተበላሸ ነው፤ ይንቃቃል» የሚሉም አሉ። በዐቢይ ጾም ከጎረቤቶቻችን ሬዲዮ የሚመጣውን በገና ሰምታችሁ የለ? ያ ንዝረት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ክሩ ሲመታ እንዲነዝር ከሥሩ ቆዳ ይደረግለታል። አባቶች ሆን ብለው ድምፁን አሻከሩት፤ ሰውም ተመሥጦ ያዳምጠዋል። የጊታሩም መሻከር እንዲሁ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። አልወደድኩትም ማለት መብት ነው። «ተበላሽቷል» ማለት ግን አለማወቅ ነው።

ሌላውን ሳትሰማ አትናገር ካልኩ እኔ የሰማሁትን ልናገር። ሙዚቀኛ አይደለሁም፣ ኖታ አላነብም። ስሳሳት አርሙኝ።

አንደኛ፣ የብላክ ሳባዝ «ፓራኖይድ»፣ እ.ኤ.አ. 1970። ስማቸውን ሰምቼ ሸይጧን ስጠብቅ የመክፈቻው ዘፈን «ዋር ፒግስ» ሆኖ አገኘሁት። ጦርነትን አቅደው ድሃውን ወደ እሳት የሚልኩ፣ ራሳቸው ግን ከኋላ የሚቀመጡ ጄኔራሎችንና ፖለቲከኞችን ነው የሚከሰው። ጦርነት በ2013 ክረምት ነፋስ መውጫ ድረስ የመጣበት የደቡብ ጎንደር ልጅ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ጉድለቱንስ? የዘፋኙ ድምፅ አንድ ዓይነት ነው፤ ከመሐል ያሉት አንዳንዶቹ ዘፈኖች ደግሞ ይጎትታሉ። ግን «ሸይጧን ማምለክ» ብዬ ብመሰክርበት አላህ ይጠይቀኛል።

ሁለተኛ፣ የሜታሊካ «ማስተር ኦፍ ፓፔትስ»፣ እ.ኤ.አ. 1986። ስምንት ዘፈን ነው፤ ብዙዎቹ ረጃጅም ናቸው። አልበሙ የተሰየመበት ዘፈን ስለ አደንዛዥ ዕፅ ሱስ ነው። ሱሱ ራሱ ጌታ ሆኖ ባሪያውን ያናግራል። ከሰዓት በኋላ ጫት ላይ ተቀምጦ «መቼም ይህ ሱስ አይባልም» የሚለውን ጓደኛዬን አስታወሰኝ። እውነቱን ለመናገር አልበሙን በአንድ ተቀምጦ መጨረስ ከብዶኛል። ፍጥነቱ ያደክማል፣ ከበሮውም ለጆሮዬ ደረቅ ነው። «ኦሪየን» የተባለው ቃል የሌለው ሥራ ግን ቀስ እያለ ተነሥቶ ሲመለስ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ።

ሦስተኛ፣ የእኛው የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»፣ እ.ኤ.አ. 2012። ጃኖ የሚለው ስም ቀይ ጥለት ካለው የመኳንንት ልብስ የመጣ ነው፤ የሸማኔ ልጆች፣ ልብ በሉ! ፕሮዲዩሰሩ ቢል ላስዌል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1986 የእንግሊዙን ሞተርሄድ አልበም የሠራ፣ በ2001 ደግሞ የእጅጋየሁ ሽባባውን «ጂጂ» የተባለውን አልበም የሠራ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከሁለት ወንድና ከሁለት ሴት ድምፃውያን ጋር ሲገናኝ እኔ የጠበቅኩት እሳተ ገሞራ ነበር። የሰማሁት ግን ረመጥ ነው፤ ይሞቃል፣ አይፈነዳም። ዘፋኝ ሲገባ ጊታሩ እንደ ጨዋ ልጅ ወደ ጓዳ ይመለሳል። አራቱ ድምፆች አንዳንዴ ቦታ ይሻማሉ። የአገራችን ቅኝት በከባድ ጊታር ላይ ሳይሸማቀቅ መቆም እንደሚችል ማሳየታቸው ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን የካደ ሐቅ ደብቋል። አልበሙ ሲወጣ ግን ምን ሰማን? ግማሹ «ፈረንጅ ሆኑ» አለ፣ ግማሹ «አገራችንን አስጠሩ» አለ። ሦስተኛው ዘፈን ከአምስተኛው ለምን እንደሚሻል የነገረን ስንት ሰው ነው?

አራተኛ፣ የቮይስ ኦፍ ባቸፕሮት «ሬታስ»፣ እ.ኤ.አ. 2023። ከኢንዶኔዥያ፣ ከምዕራብ ጃቫ ጋሩት የመጡ፣ ሒጃብ የለበሱ ሦስት እህቶች ናቸው። በእስልምና ትምህርት ቤት ሲማሩ ተገናኝተው እ.ኤ.አ. በ2014 ባንድ መሠረቱ። በ2024 እንግሊዝ አገር በሚካሄደው የግላስተንበሪ ፌስቲቫል ላይ የተጫወቱ የመጀመሪያዎቹ ኢንዶኔዥያውያን ሆኑ። አገራቸው ላይ «ሒጃብ ለብሶ ሜታል!» እያሉ የዘለፏቸው ብዙ ናቸው። ውጭ አገር ደግሞ ለሒጃባቸው ብቻ ብለው የሚያጨበጭቡላቸው አሉ። ለእኔ ሁለቱም አንድ ናቸው! ሁለቱም ጨርቁን አዩ እንጂ ድምፁን አልሰሙም። የሰማሁትን ልንገራችሁ፦ ቤዙና ከበሮው ጠንካራ ነው፣ ይይዛል። ዘፈኖቹ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ መንገድ ስለሚሄዱ ከመሐል ላይ መለያየት ያቅተኛል። ይህን ስል እህቶቼን ማሳነሴ አይደለም። እንደ ሙዚቀኛ ቆጠርኳቸው ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ሐቁን ከሌላው ጎን ልናገር። ኮናኞቹ ሁሉ ከመሬት ተነሥተው አይደለም የሚናገሩት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ ብላክ ሜታል ከሚባለው ወገን የሆኑ ወጣቶች አብያተ ክርስቲያናት አቃጥለዋል። ይህ ሐቅ ነው። በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶች ሲቃጠሉ ያነባን እኛ፣ የአምልኮ ቤት የሚያቃጥልን ሰው «ጥበበኛ ነው» ብለን ልናልፈው አንችልም። የሌላው ቤተ እምነት ሲቃጠልም የእኛው እንደተቃጠለ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በስሙና በሥራው ተቃወም፤ አብሬህ እቃወማለሁ። ግን የኖርዌዩን ወንጀለኛ ዕዳ በበርሚንግሃሙ ወዛደርና በጋሩቷ እህት ላይ አትጫን። አንድ ሰው ባጠፋ ጎሣው ይቀጣ የሚለውን ፍርድ በራሳችን ላይ ስናየው እንጮኻለን አይደል?

ለአጨብጫቢዎቹም ቃል አለኝ። ወንድሜ፣ የባንድ ስም ደረትህ ላይ ስለለጠፍክ አዋቂ አልሆንክም። የሰፈርህ ልጅ አልበም ሲያወጣ «እሳት ነው! ነግሷል!» ብለህ ስትጽፍ የጠቀምከው መስሎሃል። የሚያድግበትን እውነት ነፈግከው! ሸማኔ አባቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። ጥለቱ ከተጣመመ «ፍታውና እንደገና ሥራው» ይሉ ነበር፤ ልጃቸውን ስለጠሉት አልነበረም።

ስለዚህ ማድመጥህ ካልቀረ፣ ምስክርነትህ ሐቀኛ እንዲሆን አራት ነገር ያዝ፦

1. አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስማ፤ ከቁራጭ ቪዲዮ አትፍረድ።
2. የግጥሙን ትርጉም አጣራ። የሚለው ነገር መጥፎ ከሆነ ያንኑ ነቅሰህ ተናገር።
3. የወደድከውንም የጠላኸውንም ከነምክንያቱ አስቀምጥ፤ «ጆሮዬ አልወደደውም» ማለት አያሳፍርም።
4. ያልሰማኸውን ሲጠይቁህ «አልሰማሁትም» በል። ይህች አንዲት ቃል ከብዙ ኃጢአት ታድናለች።

ወደ ሱቁ በረንዳ ልመለስ። ዝናቡ ሲያባራ ሁላችንም ወደየቤታችን ልንበተን ሆነ። ሐጂ ልጁን ጠሩት። እንደገና ሊቆጡት ነው ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ትከሻውን ነካ አድርገው «ልጄ፣ ገልብጠህ ልበሰው፤ ብርዱ እንዳይመታህ። ምን እንደሚል አላውቅም፣ አፉ በለኝ» አሉት። ያን ማታ ከተናገርነው ሁሉ የተሻለው ቃል ይህ ነበር። «አላውቅም» ለማለት ሽማግሌው ካላፈሩ እኛ ወጣቶቹ ምን ያሳፍረናል?

አላህ ያየነውን በሐቅ ከሚመሰክሩ፣ ባላወቁት ላይ ምላሳቸውን ከሚይዙ ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዓለይኩም።