ሩጫም ብረትም ልብን ይለውጣል



በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ መዋጮ፣ ስለ ውሃ ቦይና ስለ ጥበቃ ነው። ዛሬ ስለ ልብ መጻፍ ግድ ሆኖብናል። ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ በሜዳችን ሲሮጥ የነበረ አንድ ልጃችን ራሱን ስቶ ወደቀ። ውሃ ተደፍቶበት ሲነሳ «ቁርስ ስላልበላ ነው» ተባለና ዙሩን እንዲጨርስ ተደረገ። እኛም ቆመን አይተናል፤ ዝም ማለታችን ጥፋት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሜዳው ክርክር ተነሥቷል። ሯጮቹ «ልብ የሚያፍነው ብረት ነው» ይላሉ። የወተት ቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልተው የሚገፉት ደግሞ «ልብ የሚያደክመውስ ሩጫ ነው» ባይ ናቸው። ስለዚህ ሐኪሞች የጻፉትን አገላብጠናል።

ሄንሸን የተባለ የስዊድን ሐኪም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1899 የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪዎችን ደረት በጣቱ እያንኳኳ፣ ከድምፁ ልባቸው መተለቁን ዐወቀ። በ1975 ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ሞርጋንሮትና ባልደረቦቹ በአልትራሳውንድ ልብን ውስጡን አዩ። የሯጮችና የዋናተኞች ልብ ደም የሚይዘው ጓዳው ሰፍቶ፣ የትግል ተወዳዳሪዎችና የአሎሎ ወርዋሪዎች ግን ግድግዳው ወፍሮ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያረፈ ሰው ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል፤ ጎበዝ ሯጭ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲሮጥ 30 ሊትር ሊደርስ ይችላል። ይህን ለመቻል ጓዳው ይሰፋል፤ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚልክ ሲያርፍ መቸኮል አያሻውም። የብዙ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ሲመታ የጠንካራ ሯጭ 40 ብቻ የሚመታው ለዚህ ነው። ብረት ሲነሳ ግን ጡንቻው ተኮማትሮ የደም ሥሩን ይጨቁነዋል፤ ትንፋሽ ከታፈነ ደግሞ ይብሳል። በ1985 በካናዳ ከባድ ብረት በእግር በሚገፉ ሰዎች ላይ ሲለካ የላይኛው የደም ግፊት ከ300 አልፎ ታይቷል፤ ብረቱ ሲወርድ ግፊቱም ወዲያው ይወርዳል። ልብ ይህን ጫና ለመቋቋም ግድግዳውን ያጠነክራል። ኋላ የመጡ ጥናቶች ልዩነቱ ያን ያህል ጥርት ያለ እንዳልሆነ፣ ብረት ብቻውን የሚያመጣው ለውጥም አነስተኛ እንደሆነ ያሳያሉ። ብስክሌትና ቀዘፋ ሁለቱንም ያመጣሉ። እንግዲህ ክርክሩ ለማናቸውም አልተፈረደም።

ይህ ለውጥ በሽታ አይደለም፤ ልምምድ ሲቆም በአብዛኛው ይመለሳል። ነገር ግን በዘር የሚወረስ፣ ከስፖርት ያልመጣ የልብ ውፍረት አለ። የካሜሩኑ ኳስ ተጫዋች ማርክ ቪቪየን ፎዬ በ2003 ሊዮን ሜዳ ላይ ወድቆ ሲሞት 28 ዓመቱ ነበር፤ አስከሬኑ ሲመረመር ይኸው ተገኘበት። ለዓይን ግን ሁለቱም ጎረምሳ ጎረምሳ ነው። ጣሊያን ከ1982 ጀምሮ ተወዳዳሪዎቿ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ እንዲያደርጉ ካስገደደች በኋላ፣ በቬኔቶ ክፍለ ሀገር የወጣት ስፖርተኞች ድንገተኛ ሞት እጅግ ቀንሷል።

ስለዚህ ኮሚቴው ይህን ወስኗል። ሲሮጥ ራሱን የሳተ፣ ደረቱን የሚወጋው፣ ወይም ከቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ያለበት ልጅ ሐኪም ሳያየው በመጪው ውድድር አይሰለፍም። ምርመራው ገንዘብ እንደሚጠይቅ እናውቃለን፤ ለቸገረው ከመዋጮው ይከፈላል። የደም ግፊት ያለባችሁ አባቶችም ብረት ከመንካታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ ስትገፉም ትንፋሽ አትያዙ። የወደቀ ሰው ካልነቃና ካልተነፈሰ ውሃ አይደፋበት። አንዱ መኪና ይጥራ፤ ሌላው የደረቱን መሐል በሁለት እጁ በኃይል፣ ቶሎ ቶሎ ይጫን።

የወደቀው ልጅ እናት ሰኞ ዕለት ጽሕፈት ቤት መጥተው ነበር። መጀመሪያ «ልጄ ጤነኛ ነው» ብለው ተቆጡን። ኋላ ስናወራ ወንድማቸው በ20 ዓመቱ እርሻ ላይ ወድቆ እንደቀረ ነገሩን። ረቡዕ ልጁን ይዘውት ሄደዋል። ውጤቱን እየጠበቅን ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ኮሚቴው