ከወለድ የሸሸው ገበሬ የት ይድረስ?

ሐራሙን መናገር ቀላል ነው። ከካሴት ዘመን ጀምሮ እስከ ዛሬው የእጅ ስልክ ዘመን ድረስ፣ በየኹጥባውና በየደርሱ ስለ ወለድ ያልሰማ የአርሲ ሙስሊም ይኖራል ብዬ አላምንም። ገበሬው ሰምቷል፤ ተቀብሏልም። ከወለድ ሽሽ ያልነው ይህ ሰው ግን ወዴት እንዲሸሽ ነው ያሰብንለት?

ሮቤን እንውሰድ። የባሌዋን ሳይሆን ከአሰላ በስተምሥራቅ ያለችውን የአርሲዋን ሮቤ ማለቴ ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ስንዴው፣ ገብሱ፣ ባቄላው ያምራል። ይሁን እንጂ መሬቱ ያለ ማዳበሪያና ያለ ምርጥ ዘር እንደ ድሮው አይሰጥም። ገበሬው ሰኔ ላይ ያወጣውን ገንዘብ መልሶ የሚያየው ታኅሣሥ ላይ ነው። ይህን ስድስት ወር በወለድ ብድር አልሻገርም ያለ ሰው ምን ያደርጋል? በሬውን ይሸጣል። ወይም ሰብሉን ገና በእሸቱ ለነጋዴ በርካሽ ይሰጣል። ወይም ደግሞ ማዳበሪያ መግዣ ላለው ሰው መሬቱን በእኩል ያሳርሳል፤ ባስ ሲልም በኮንትራት ይለቅለታል። ከሁሉም የሚከፋው ይህ የመጨረሻው ነው። ሰውየውን በገዛ መሬቱ ላይ ጭሰኛ ያደርገዋልና!

ጭሰኛ የሚለው ቃል ለአርሲ እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን ለባለርስቱ ሲሶና እኩል ሲገብሩ ኖረዋል። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ አሰላ ላይ ሥራውን የጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ «ካዱ» የሚለው፣ ዓላማው ድሃውን ገበሬ ማንሳት ነበር። ምርጥ ዘር አመጣ፤ ማዳበሪያ በብድር አደለ፤ ስንዴውም በእርግጥ በዛ። ስንዴው ሲበዛ ግን መሬቱ ተወደደ። ባለርስቱ «እኔው ራሴ በትራክተር ባርሰውስ?» አለ። የጊዜው መንግሥትም የእርሻ መሣሪያ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ፈቅዶለት ነበር። ድርጅቱ ኋላ ብድሩን ለትንንሽ ገበሬዎች ብቻ ለማድረግ ቢሞክርም ትራክተሩን የሚያቆመው አልተገኘም፤ ብዙ ጭሰኛ ከነቤተሰቡ ተፈናቀለ። ኩንታል የሚቆጥሩት ሰዎች ሪፖርታቸው እውነት ነበር፤ የኩንታሉን ባለቤት ግን አልጠየቁም። ጭሰኝነትን በሕግ ያስቀረው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነው። እንግዲህ አዋጅ ያስቀረውን ነገር የገንዘብ እጦት በጓሮ በር ሲመልሰው ዝም ብለን እንይ?

«አሁንማ የራሳችን ባንክ አለን» የሚል ወንድም አይጠፋም። አልሐምዱሊላህ፣ አለን። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ በሩን ገርበብ አደረገው። በ2004 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመደበኛ ባንኮች መስኮት ብቻ እንዲሰጥ አዘዘ፤ ሙሉ ባንክ ለማቋቋም ሲደክሙ የነበሩት ወገኖች ያኔ ያዘኑትን ሐዘን የምታስታውሱት ታስታውሳላችሁ። በ2011 ዓ.ም. ሙሉው ተፈቀደ፤ በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ፤ ሂጅራ ባንክም ተከተለ። ይህን ለማየት ብዙ ዱዓእ ተደርጓል። ነገር ግን ከወለድ ነፃ የተባለው ገንዘብ በብዛት የሚሄደው በሙራባሃ ነው፤ ባንኩ ዕቃ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ ለደንበኛው በዱቤ ይሸጣል። ደንበኛው ደግሞ ማስያዣ ያለው ነጋዴ ነው። ሕንፃ የሌለው የሮቤ ገበሬ በዚህ በር አይገባም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የገበሬው ቁጠባ ወደ ከተማ ወጥቶ የከተሜው መኪና መግዣ ከሆነ፣ ወለዱ ቢቀርም በደሉ አልቀረም።

መፍትሔው ከሸሪዓው ውጭ ቢሆን ኖሮ ባላስቸገርኩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ ሰዎች የፍሬን ዋጋ አንድና ሁለት ዓመት አስቀድመው ሲከፍሉ አገኟቸው፤ ስፍሩ፣ ሚዛኑና ጊዜው የታወቀ እንዲሆን አዘው ፈቀዱላቸው። ሰለም የሚባለው ይህ ነው። ገዢው ሙሉውን ዋጋ ዛሬ ይከፍላል፤ ገበሬው ዓይነቱና ጥራቱ የተነገረለትን፣ ስንት ኩንታል እንደሆነ የታወቀውን ስንዴ በታኅሣሥ ያስረክባል። ከእሸት ሽያጭ ጋር የሚያምታታው ሰው አለና ልብ ይባል። የእሸት ነጋዴ የሚገዛው ያችኑ ማሳ ነው፤ ሰብሉ ሳይደርስ እንዲህ መሸጥ የተከለከለ ነው። በሰለም የሚሸጠው ግን በመጠንና በጥራት የተገለጸ እህል ነው፤ ከየትም ማሳ ቢመጣ ይሆናል።

ባንኮቹ የሚፈሩትን አውቃለሁ። በ2006 ዓ.ም. ዲገሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ የግንድ ዋግ በአርሲና በባሌ አጥፍቶታል። እንዲህ ያለ ዓመት ቢደገምስ? ፊቅሁ ለዚህም መልስ አለው፤ ገዢው እስከሚቀጥለው መኸር ይታገሣል፣ አለዚያ የከፈለውን ያለ ጭማሪ ይወስዳል። አደጋው እውነተኛ ነው። ግን ያለ አደጋ ትርፍ የሚፈልግ ሰው ከወለድ በምን ተለየ? አንድ ገበሬ ብቻውን የሚያስፈራ ከሆነ ማኅበሩ ዋስ ይሁን፤ ስንዴውን አስቀድሞ የሚዋዋል የዱቄት ፋብሪካ ይፈለግ።

ይባስ ብሎ፣ የውጭ የቢራ ኩባንያዎች ለብቅል ገብስ ዘርና ውል ይዘው አርሲ ደጋ ድረስ ወጥተዋል። ጠማቂው ወደ ገበሬው የሚወስደውን መንገድ ሲያገኝ እኛ እንዴት ጠፋን?

ዘካውን የሚያነሱ አሉ። ዘካ ግዴታ ነው፤ ግን ይህ ገበሬ የሚለምነው አጥቶ የተቀመጠ መስኪን አይደለም። በዝናብ ካመረተው ላይ ኒሳቡ ሲሞላ አንድ አሥረኛውን የሚያወጣ፣ ሰጪ መሆን የሚችል ሰው ነው። በማዳበሪያ እጦት መሬቱን አስለቅቀን ስናበቃ ዘካ ተቀባይ ብናደርገው ውለታ ዋልንለት ይባላል?

የባንኮቹ ባለአክሲዮኖች በዓመታዊው ጉባኤ ስለ ትርፍ ድርሻቸው ይጠይቃሉ፤ መብታቸው ነው። ከመካከላቸው አንዱ ተነሥቶ «ለገበሬው በሰለም ስንት ብር ወጣ? ሮቤ ላይስ ስንት ሰው አገኘ?» ብሎ ይጠይቅ። የሸሪዓ አማካሪ ዑለማዎቻችንም ውሉን አርቅቀው ከሰኔ በፊት ያቅርቡ፤ ከሰኔ በኋላ የሚመጣ ገንዘብ ለዘንድሮው ማሳ አይደርስም።