ጣሪያ ስንት ይፈጃል?

ባለፈው ሳምንት ከድሮ ተማሪዎቼ አንዷ ከሪያድ በኢንቦክስ ጻፈችልኝ። «ቲቸር፣ ለእናቴ 6 በ8 የጭቃ ቤት ላሠራላት ነው። ቦታው ተለክቷል፣ እንጨቱ ሊቆም ነው። ለጣሪያው ስንት ልላክ? አናጢው አንድ ነገር ይላል፣ ወንድሜ ሌላ ይላል። እርስዎ ሒሳብ ያስተማሩን ሰው ነዎት፣ እስቲ ግምቱን ይንገሩኝ።»

ሁለት ቀን ሙሉ አልመለስኩላትም። መልእክቷን ሳላየው ቀርቼ አይደለም። እንዲህ ያለ ጥያቄ አንዴ ቶሎ መልሼ ምን እንዳደረሰ ስለማውቅ ነው። መልሱን በኢንቦክስ ትቼ እዚህ የምጽፈው ደግሞ፣ ክረምት ሳይገባ ቤት ለመክደን የምትሯሯጡ ብዙ ስለሆናችሁ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ነገሩ ከ11 ዓመት በፊት ነው። ያኔ ደብረ ብርሃን አስተምር ነበር። በዕድሜ ታላቄ የሆኑ አንዲት ጎረቤት ነበሩን፤ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ። ስማቸውን አልጠራም፣ እትዬ ልበላቸው። ኪራይ ቤት ነበሩ። ትንሽ ቦታ ነበረቻቸውና እቁብ ሲደርሳቸው 6 በ8 ቤት ሊያቆሙባት አሰቡ። ቡና ላይ ተቀምጠን «አንተ ልጅ፣ ቆርቆሮው ስንት ይሆናል?» አሉኝ።

6 በ8፣ 48 ካሬ። አንድ ቆርቆሮ 2 ሜትር በ90 ሳንቲ ነው፣ ማለትም 1.8 ካሬ። 48 ለ1.8 ሲካፈል 27 አይሞላም። ሲኒዬን ሳላስቀምጥ መለስኩ፦ «27 ይበቃዎታል፣ ለጥንቃቄ 30 ይግዙ።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

30 ቆርቆሮ ተገዛ። የቀረው ገንዘብ ለእንጨት፣ ለበርና ለመስኮት ሄደ። አናጢው አንደኛውን ጎን ከድኖ ሲጨርስ 24 ቆርቆሮ አልቋል። በሌላኛው ጎን የቀሩትን 6 መታና ወረደ። «ሌላስ የታለ?» አለ። ጊዜው ሰኔ ነው። እትዬ ለአከራያቸው ቤቱን እንደሚለቁ ነግረዋል፣ ሌላ ተከራይ ቀብድ ከፍሏል።

ምን ያድርጉ? በክፍቱ ጎን ሸራ ወጥረው፣ ግድግዳውን አስመርገው ገቡ። የደብረ ብርሃን ንፋስ ደግሞ ሸራ አይምርም። ሐምሌን ሙሉ ውሃ በግድግዳው ላይ ወረደ፣ ምርጊቱ እየራሰ ረገፈ። ነሐሴ ላይ ባልተከደነው በኩል ያለው ግድግዳ ባዶ እንጨቱ ቀረ። አራት ነፍስ በግማሽ ቤት ከረመ።

እትዬ አንድም ቀን አልወቀሱኝም። «አንተ ምን ታደርግ፣ ኑሮው ነው የተወደደው» ነበር የሚሉት። እኔም «ኑሮው ነው» እያልኩ ራሴን እነቀንቅ ነበር። ዋጋ ጨምሮ ነበር፣ እውነት ነው። ያንን ጣሪያ ያጎደለው ግን የቆርቆሮ ዋጋ አልነበረም። የእኔ 27 ነበር።

አሁን ያኔ መሥራት የነበረብኝን ሒሳብ እንሥራ።

አንደኛ፣ የሚከደነው ወለሉ አይደለም። ጣሪያ ከግድግዳ አልፎ ይወጣል። ለጭቃ ቤት ታዛ ጌጥ አይደለም፣ ምርጊቱን ከዝናብ የሚያድነው እሱ ነው። በየጎኑ 50 ሳንቲ ስናወጣ 6 በ8 የነበረው 7 በ9 ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ጣሪያ ተዳፋት ነው። ቤቱ ሁለት ክንፍ ጣሪያ አለው እንበል። ግማሽ ስፋቱ 3.50 ሜትር ነው፤ ጫፉ ከታዛው 1.20 ከፍ ይበል። «ፓይታጎረስ የት ይጠቅመናል?» ስትሉኝ የነበራችሁ የኋላ ወንበር ልጆች፣ ይኸውላችሁ። 3.50 በራሱ ሲባዛ 12.25። 1.20 በራሱ ሲባዛ 1.44። ድምሩ 13.69፣ ስኩዌር ሩቱ 3.70። አንዱ ክንፍ 3.70 በ9 ሜትር ነው ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ቆርቆሮ ይደራረባል። በጎን አንድ ተኩል ሞገድ ያህል፣ ወደ 12 ሳንቲ፣ ይገባል። ስለዚህ 90 የተባለው ቆርቆሮ የሚሸፍነው 78 ሳንቲ ብቻ ነው። 9 ሜትር ለ0.78 ሲካፈል 11 ተኩል ይመጣል፤ ግማሽ ቆርቆሮ ስለማይሸጥላችሁ 12 በሉት። ከላይ ወደ ታች ደግሞ ሁለት ቆርቆሮ 20 ሳንቲ ተደራርቦ 3.80 ይሸፍናል። ለ3.70 በቂ ነው፣ 10 ሳንቲው ወደ አሸንዳው ይወጣል።

12 በ2፣ 24። ሁለት ክንፍ፣ 48። ሲመታ ለሚበላሸው ሁለት ጨምሩና 50።

27 ያልኩት 50 ሆነ። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ዋጋ ደግሞ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር!

ይህ ቆርቆሮው ብቻ ነው። ግምት ውስጥ ሁልጊዜ የሚረሳው ሌላው ነው። ወራጁ በየሜትሩ ቢቆም በ8 ሜትር ቤት 9 ጥንድ፣ ማለትም 18 ወራጅ ይፈልጋል፤ ማሰሪያና ደጋፊው ሳይቆጠር። ማገሩ በአንድ ክንፍ 5 መስመር፣ በሁለቱ 10፣ እያንዳንዱ 9 ሜትር፣ ባጠቃላይ 90 ሜትር እንጨት። ጫፉ ላይ የሚደፋው ክዳን ባለ 2 ሜትሩ 5 ፍሬ። አሸንዳ በሁለቱ ጎን 18 ሜትር። የቆርቆሮ ሚስማር በአንድ ቆርቆሮ 10 ብናስብ ወደ 500። ወራጁን ከቋሚው ጋር የሚያስር ሽቦ፤ እሱን የረሳ ጣሪያውን ጎረቤት ግቢ ሄዶ ይለቅማል። ከዚያ የአናጢ የእጅ ዋጋ፣ የመኪና ኪራይ፣ ጫኝና አውራጅ። ጫኝና አውራጅን ከግምት ውጪ ያደረገ ሰው ካለ፣ እሱ ቆርቆሮ ገዝቶ አያውቅም።

ጌጅ ላይም ተጠንቀቁ። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል እንጂ አይወፍርም። 28 ወፍራም ነው፣ 32 ከእሱ ይሳሳል፣ 35 ደግሞ ከሁሉም። አንዱ አናጢ ከሌላው በጣም ያነሰ ግምት ሲሰጣችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «በስንት ጌጅ አስበህ ነው?» ብላችሁ ነው።

ዋጋውስ? ቆርቆሮ እዚህ ሀገር ቢሞገድም ጥቅል ብረቱ የሚመጣው ከውጭ ነው፣ ዶላርን ተከትሎ ይሄዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህማ ባለ ሱቆች ፕሮፎርማ ሲሰጡ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚያገለግል ነው የሚሉት። ስለዚህ የዛሬ ሳምንት ዋጋ ይህ ነው ብዬ ብነግራችሁ ውሸታም የመሆን ዕድሌ ሰፊ ነው።

የእኔ አቋም እዚህ ላይ ነው። ግምት ሁለት ክፍል አለው፣ ብዛትና ዋጋ። ዋጋው በእጃችን አይደለም። ብዛቱ ግን በእጃችን ነው፤ ሜትርና እርሳስ እንጂ ዶላር አይፈልግም። እኛ ግን ብዛቱን በደንብ ሳንቆጥር እንጀምርና፣ ሲጎድልብን «ኑሮ ተወደደ» እንላለን። ኑሮው እውነትም ስለተወደደ ማንም አይጠይቀንም። በዚህ መሐል የገማቹ ስህተት ተሸፍኖ ይቀራል። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ተሸፍኜበታለሁ።

«ለድሃ ሙሉውን ቁጥር ከነገርከው ተስፋ ቆርጦ አይጀምርም። ይጀምር፣ እግዜር ይጨርሰዋል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ክርክሩን አልንቀውም፤ በዚህ መንገድ ተጀምሮ ያለቀ ቤት በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ማነው የሚያልቅለት? ሲጎድልበት የሚያበድረው ዘመድ ያለው ነው። አበዳሪ የሌለው ሰው ጣሪያው ሲጎድል፣ የጎደለው በልጆቹ ላይ ነው የሚዘንበው። አነስ አድርጎ መገመት ደግነት ይመስላል። ደግነቱ ለገማቹ ነው፣ የጠያቂውን ፊት ሲጨልም ማየት ስለሚከብደው።

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ደብረ ብርሃን ሄጄ ነበር። እትዬ ደህና ናቸው፣ ልጆቹ አድገዋል፣ ቤቱም በሦስተኛው ዓመት ሙሉ ተከድኗል። ቡናው ቀረበና ነገርኳቸው። «እትዬ፣ ያኔ ኑሮው አይደለም። እኔ ነኝ አሳንሼ የቆጠርኩት» አልኳቸው። ዝም ብለው ረከቦቱን አስተካከሉ። ከዚያ «ያኔውኑ ብትነግረኝ አሳጥሬ እሠራው ነበር» አሉኝ።

ሌላ ነገር አላሉም፤ ወዲያው ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ።

ማታ ሒሳቡን ሠራሁት። ስፋቱ እንዳለ ሆኖ ቤቱ 6 በ5 ቢሆን፣ ከነታዛው 6 ሜትር ርዝመት ነው። በአንድ ረድፍ 8 ቆርቆሮ፣ በአራት ረድፍ 32። እሳቸው 30 ነበራቸው። የሚጎድላቸው ሁለት ቆርቆሮ ብቻ ነበር! ሁለት ቆርቆሮ ደግሞ እኔም ከደመወዜ አላጣም ነበር። ሙሉ የተከደነች ትንሽ ቤት ውስጥ ይከርሙና፣ ሲሞላላቸው በርዝመቷ በኩል ይቀጥሏት ነበር። ሁለት ክንፍ ጣሪያ በርዝመቱ ለመቀጠል አያስቸግርም።

እንግዲህ ልጄ፣ ላንቺ መልሴ ይህ ነው። ለ6 በ8 ቤት 50 ቆርቆሮ፣ ሌላውንም ከላይ ጽፌልሻለሁ። ታዛው ወይም ከፍታው ከተቀየረ ቁጥሩም ይቀየራልና፣ ወንድምሽ የአናጢውን ልክ በወረቀት ጽፎ ፎቶውን ይላክልኝ። ዋጋውን በምትገዙበት ሳምንት ከሦስት ሱቅ ጠይቁ፣ ጌጁን ሳታስጽፉ ብር አትክፈሉ። ድምሩን በእጅሽ ካለው ጋር አስተያዪው። ካልደረሰ እንጨቱ ሳይቆም አሁኑኑ አሳጥሪው፤ 6 በ6 ቢሆን 36 ቆርቆሮ ይበቃዋል፣ መጠባበቂያው ሁለት ሲጨመር 38። እናትሽ አንድ ክፍል ቢያንስባት ትችለዋለች። አንቺ ሰው ቤት ለፍተሽ የላክሽው ገንዘብ በሐምሌ ዝናብ ሲታጠብ ማየት ግን አትችልም።

አናጢዎች፣ ግንበኞች፣ የተሳሳትኩት ካለ ኮሜንት ላይ አርሙኝ፣ አልቀየምም። ሌሎቻችሁ ደግሞ ዘንድሮ ቤት የሚከድን ሰው ካወቃችሁ አድርሱለት።