የክበባችን ገንዘብ በማን ስም ይቀመጥ?

የአንድ አገር ልጆች አዲስ አበባ ላይ አሥር ሆነው ከተገናኙ ማኅበር ሳይመሠርቱ አይለያዩም። የላይና የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆችም እንደዚያው ነን። መጀመሪያ ስም ይወጣል። ቀጥሎ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል። ከዚያ ሊቀመንበርና ጸሐፊ ይመረጣሉ። በወር ሁለት ሁለት መቶ ብር እናዋጣ፣ ለነፋስ መውጫና ለወገዳ ተማሪዎች ደብተር እንግዛ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ መጻሕፍት እንላክ ይባላል። ይጨበጨባል። ሁሉም ደስ ብሎት ቡናውን ሊጨርስ ሲል አንዱ «ታዲያ ብሩን የት እናስገባው?» ብሎ ይጠይቃል። «ለጊዜው በእገሌ አካውንት ይግባ» የሚል መልስ ይሰጠዋል። እኛ ዛሬ የምንጣላው ከዚህች «ለጊዜው» ከምትባል ቃል ጋር ነው። አንዳንድ ቦታ ይህች «ለጊዜው» አምስት ዓመት ሞልቷታል!

ክርክር ከተነሳም አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠነጥነው «የቱ ባንክ ይሻላል?» በሚለው ላይ ነው። አንዱ ንግድ ባንክ ቅርንጫፉ ብዙ ነው ይላል። ሌላው የግል ባንኮች መስተንግዶ ይሻላል ይላል። ሦስተኛው ወለድ ያሰላል። የእኛ አቋም ለየት ይላል። የአንድ ትንሽ ክበብ የመጀመሪያ ጥያቄ «የትኛው ባንክ?» ሳይሆን «በማን ስም?» የሚለው ነው። ይሄ ካልተመለሰ የባንኩ ጥሩነት ምንም አይፈይድም።

ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ እንየው። በእገሌ ስም የተቀመጠ ገንዘብ በባንኩ ዓይን የእገሌ ነው። ባንኩ የቴሌግራም ግሩፓችንን አያውቅም። እግዜር አያድርገውና እገሌ ቢሞት የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ይዘው ባንክ የሚሄዱት ሚስቱና ልጆቹ እንጂ የክበቡ ሊቀመንበር አይደለም። ቢፋታስ? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአንዱ ተጋቢ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግሉ መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ዕዳ ኖሮበት ፍርድ ቤት ሒሳቡ ይታገድ ቢልስ? የወገዳ ልጆች ደብተርም አብሮ ይታገዳል። ልብ በሉ፤ እስካሁን ስለ ሌባ አንዲት ቃል አልተነፈስንም። እገሌ ታማኝ፣ ጨዋ፣ ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው ብለን ነው የተነሳነው። ታማኝ ሰውም ይሞታል፤ ታማኝ ሰውም ይፋታል፤ ታማኝ ሰውም ዕዳ ይኖርበታል።

ችግሩ ይህን ጥያቄ ለማንሳት ይሉኝታ ይይዘናል። «አላመናችሁኝም ማለት ነው?» የምትለዋን ቃል ከመስማት ብሩ ቢጠፋ የሚመርጥ አለ። እናቶቻችንና አባቶቻችን ግን በዚህ ጉዳይ ይሉኝታ አልነበራቸውም። ዕድር ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፤ ሦስቱ አንድ ሰው አይደሉም። ዕቁብ የደረሰው ሰው ብሩን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ዋስ አምጣ መባልን እንደ ስድብ የሚቆጥር ዕቁብተኛ አይተን አናውቅም።

ሩቅ ሳንሄድ እዚያው ደቡብ ጎንደር ምሳሌ አለን። ኬር ኢትዮጵያ በልጅነታቸው ለተዳሩ 5,000 ገደማ ልጃገረዶች «ተስፋ» የተባለ ፕሮጀክት በ2000ዎቹ መጀመሪያ አካሂዶ ነበር፤ ከተማሩት ነገር አንዱ በቡድን መቆጠብ ነው። ይህ የቁጠባ ቡድን አሠራር ኬር በ1980ዎቹ ኒጀር ላይ የጀመረው ሲሆን ዛሬ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ይሠራበታል። መለያው ሦስት ቁልፍ ያለው ሣጥን ነው። ሣጥኑ አንድ አባል ቤት ያድራል፤ ቁልፎቹ ግን በሌሎች ሦስት አባላት እጅ ናቸው። ቡድኑ ተሰብስቦ፣ ሁሉም እያየ ካልሆነ በቀር ሣጥኑ አይከፈትም። የገጠር ሴቶች ለጥቂት ብር ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ ዲግሪ የጫንነው እኛ የወር መዋጮአችንን በአንድ ሰው ኪስ ማሳደራችን አያሳፍርም ትላላችሁ?

እንግዲህ ያሉንን አማራጮች አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው ቴሌብር ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው ይህ አገልግሎት መዋጮ ለመሰብሰብ በጣም ምቹ ነው። ሁለት መቶ ብር ለማስገባት ባንክ መሰለፍ ቀርቷል። ኢንተርኔት ባይኖርም ኔትወርክ እስካለ ድረስ *127# ብሎ መላክ ይቻላል። ነገር ግን ሲም ካርዱ የአንድ ሰው ነው፤ የሚስጥር ቁጥሩም የአንድ ሰው። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ቴሌብር መሰብሰቢያ ይሁን እንጂ ማስቀመጫ አይሁን። የገባው ብር በየሳምንቱ ወደ ባንክ ይዛወር፤ የተዛወረበት መልእክትም ፎቶ ተነሥቶ ግሩፑ ላይ ይለጠፍ።

ሁለተኛው ሦስት ሰዎች በጋራ የሚከፍቱት የቁጠባ ሒሳብ ነው። መታወቂያና ፎቶ ይዞ መሄድ ነው፤ ባንኮች አሁን አሁን የሚጠይቁት ፋይዳን ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ካልፈረሙ ብር አይወጣም ተብሎ ይጻፋል። ለጀማሪ ክበብ ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም። ጉድለቱን ግን እንወቀው። በሕግ ፊት ገንዘቡ አሁንም የሦስቱ ግለሰቦች እንጂ የክበቡ አይደለም። ለዚህ ነው ሦስቱም «ይህ ገንዘብ የክበቡ አባላት መዋጮ ነው፤ የግል ድርሻ የለንም» ብለው የፈረሙት ወረቀት በሌሎች አባላት እጅ መኖር ያለበት። ወረቀቱ የባንኩን መዝገብ አይለውጥም፤ ከወራሽ ወይም ከአበዳሪ ጋር ክርክር ቢመጣ ግን ማስረጃ ነው። ሌላም አለ። ሁለት ፊርማ ካልን በኋላ ለአንዱ ሞባይል ባንኪንግና ኤቲኤም ካርድ ብናወጣለት የሁለት ፊርማው ነገር ቀልድ ይሆናል። ሁለቱም እንዳይከፈቱ ባንኩን ከመጀመሪያው መንገር ያስፈልጋል።

ሦስተኛውና ዋናው በክበቡ በራሱ ስም የሚከፈት ሒሳብ ነው። ለዚህ ክበቡ ሕጋዊ ሰውነት ሊኖረው ይገባል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 404 ጀምሮ ለትርፍ ስላልተቋቋሙ ማኅበራት ይደነግጋል። ዛሬ የሚሠራበት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሲሆን አምስት ሰዎች ተሰብስበው ማኅበር መመሥረት ይችላሉ። ማኅበሩ አዲስ አበባ ላይ ከተመሠረተ ወይም ከአንድ ክልል በላይ ከሠራ ጉዳዩ የፌዴራሉ ባለሥልጣን ነው፤ እዚያው ጋይንት ወይም ስማዳ ተመሥርቶ እዚያው የሚሠራ ከሆነ ወደ ክልሉ ይሄዳል። ከተመዘገበ በኋላ ባንክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የምዝገባ የምስክር ወረቀት፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የፈራሚዎች ስም ያለበትና ማኅተም ያረፈበት ቃለ ጉባኤ፣ የድጋፍ ደብዳቤና የፈራሚዎቹ መታወቂያ ነው። ከዚያ በኋላ እገሌ ቢሞትም ቢፋታም ገንዘቡ የክበቡ ነው። አዲስ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ ፈራሚ ይተካል፣ ደብተሩም ይገዛል።

አራተኛው በሌላ ጥላ ሥር መግባት ነው። ለምሳሌ ክበቡ ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ገንዘቡን በትምህርት ቤቱ ሒሳብ በደረሰኝ ማስገባት ይቻላል። ግን የክበቡ ብር ከትምህርት ቤቱ ሌላ ወጪ ጋር እንዳይቀላቀል፣ ርእሰ መምህሩ ሲቀየርም ታሪኩ እንዳይረሳ፣ ለምን እንደገባ በደብዳቤ ማስፈር ግድ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ ይሻላል ካልን ለምን ሁሉም አይሄድበትም? እዚህ ላይ ነው ወጣቱ ተስፋ የሚቆርጠው። ሃያ አባላት በወር ሁለት መቶ ብር ቢያዋጡ 4,000 ብር ነው፤ በዓመት 48,000 ብር። ለዚህች ገንዘብ መመዝገብ፣ ማኅተም ማስቀረጽ፣ ዓመታዊ ሪፖርት ማቅረብ ለውርንጭላ የግመል ጭነት ነው። ባንክ «ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አምጡ» ይላል፤ መሥሪያ ቤቱ «እናንተን እኛ አናውቃችሁም» ይላል። አመሻሽ ላይ «በቃ ለጊዜው በእገሌ ስም ይግባ» እንላለን። ‹ለጊዜው›ን የወለደው ይሄ ምልልስ ነው እንጂ የእኛ ስንፍና ብቻ አይደለም።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት አቃለለው? እንግሊዝ አገር ባንኮች ለትንንሽ ክበባት ተብሎ የተዘጋጀ ሒሳብ አላቸው። የእግር ኳስ ቡድኑም፣ የመንደር መዘምራኑም ደንባቸውንና ፈራሚዎቻቸውን አቅርበው በክበቡ ስም ይከፍታሉ፤ ኩባንያ ወይም የተመዘገበ በጎ አድራጎት መሆን አይጠበቅባቸውም። እርግጥ እዚያም ገነት አይደለም፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንዳንዶቹ ባንኮች በየወሩ ክፍያ መጠየቅ ጀምረዋል። ሐሳቡ ግን ልንወስደው የሚገባ ነው። የእኛ ባንኮች ተማሪ ቁጠባ፣ የሴቶች ቁጠባ፣ የወጣቶች ቁጠባ እያሉ በየፖስተሩ ያስተዋውቃሉ። «የክበብ ቁጠባ» የሚል አንድ ፖስተር ቢጨምሩስ? የገንዘቡ ጣሪያ ይወሰን፣ ቀበሌ ወይም ወረዳ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ያረጋግጥ፣ የፈራሚዎቹ ፋይዳ ይመዝገብ። ሕገወጥ ገንዘብ እንዳይገባ ነው የምንጠነቀቀው ካሉ፣ በእገሌ ኪስ ከሚዘዋወር ብር ይልቅ በክበብ ስም የተመዘገበ ብር ለቁጥጥር አይቀልም እንዴ?

አሁን ወደ «የትኛው ባንክ?» ጥያቄ መመለስ እንችላለን። መልሱ ብሩ ከሚሰበሰብበት ይልቅ ብሩ የሚወጣበትን ቦታ ያያል። አዲስ አበባ ላይ በየመቶ ሜትሩ ባንክ አለ፤ ወገዳና አርብ ገበያ ግን ሌላ ናቸው። ስለዚህ ንግድ ባንክን፣ ወይም በ1980ዎቹ መጨረሻ እንደ አማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ተነሥቶ ወደ ባንክ ያደገውን ጸደይ ባንክን ስናስብ፣ መጀመሪያ የወረዳው ከተማ ላይ ቅርንጫፍ ከፍቶ እየሠራ መሆኑን እናጣራ። «እየሠራ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ነፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ተይዛ የነበረችባቸውን ቀናት የምንረሳ አይደለንም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላም የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ፣ መንገድ በየጊዜው እየተዘጋ ያየነውን አይተናል። ሁለቱ ፈራሚዎች የማይገናኙበት ቦታ ከሆኑ ብሩ ባንክ ውስጥ እያለ ልጆቹ ደብተር ያጣሉ። ለዚህ ነው ፈራሚ ሦስት ሆኖ «ከሦስቱ ሁለቱ» መባሉ የሚጠቅመው፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ ከተማ የሚኖሩ ቢሆኑ ይመረጣል።

ወለዱስ? በ2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛ ጣሪያን ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳደገ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። 10,000 ብር አስቀምጦ በዓመቱ 700 ብር ወለድ ያገኘ ክበብ፣ ዕቃው 13,000 ብር ገብቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ትንሽ ክበብ በወለድ አይበለጽግም። ብር ሲጠራቀም ቶሎ ወደ ደብተርና መጽሐፍ ይለወጥ፤ የሻጩም ሒሳብ በቀጥታ በዝውውር ይከፈል። ጥሬ ብር በማንም ቦርሳ አይጓዝ።

ለማንኛውም የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤው ውስጥ ቢገቡ የምንላቸውን አምስት ነጥቦች እነሆ፦

1. ገንዘቡ የአባላት መዋጮ መሆኑና የማንም የግል ሀብት አለመሆኑ፤
2. የሦስቱ ፈራሚዎች ስም፣ ብር የሚወጣውም ሁለቱ ሲፈርሙ ብቻ መሆኑ፤
3. ሒሳብ የሚጽፈው ሰው ከፈራሚዎቹ ውጭ መሆኑ፤
4. በየሦስት ወሩ የባንክ ስቴትመንት ለአባላት ሁሉ መላኩ፤
5. ክበቡ ቢፈርስ የተረፈው ብር ለየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚሰጥ።

ከእነዚህ አንዱም ገንዘብ አያስወጣም። አንድ ወረቀት፣ አንድ እስክሪብቶና ትንሽ ይሉኝታን መተው ብቻ ነው የሚፈልገው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በፕሮግራሙ ከታቀፉ ወረዳዎች ናቸው። የዕለት እህል በሚሰፈርበት ቤት ደብተር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለአገራችን ልጆች መንገር አያስፈልግም። የምናዋጣው ሁለት መቶ ብር ለእኛ የአንድ ምሳ ዋጋ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ግን ትምህርት ቤት የመሄድና የመቅረት ልዩነት ነው።

እገሌንም እንዘንለት። ወዶ ሳይሆን ተመርጦ ነው የብዙ ሰው ብር በስሙ ተሸክሞ የሚያድረው። ሁለተኛና ሦስተኛ ቁልፍ ያዥ ሲጨመር ከሁሉ በፊት የሚገላገለው እሱ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ «ገንዘቡ በማን ስም ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳይቃጠል በቅጠል!

ቸር እንሰንብት።