ቁጥር የሌለው ትእዛዝ

አጎቴ በአዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ውስጥ፣ ከአዲስ ቅዳም ትንሽ ገባ ብሎ ነው የሚኖረው። እንደ አካባቢው ገበሬ ሁሉ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ይተክላል፤ አራት አምስት ዓመት ጠብቆ ይቆርጣል፤ አክስሎ ይሸጣል። ከአልጋው ሥር አንዲት የቆርቆሮ ሳጥን አለችው። የመሬት ይዞታ ደብተሩ በላስቲክ ተጠቅልሎ እዚያ ነው ያለው። የየዓመቱ የግብር ደረሰኝ፣ የእድር ካርዱ፣ አንድ ጊዜ በድንበር ክርክር የተሰጠው የፍርድ ወረቀት፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። መንግሥት እሱን በተመለከተ የወሰነው ነገር ሁሉ በዚያች ሳጥን ውስጥ ቀንና ማኅተም አለው።

በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ የልጁ ስልክ ዳታ አልሠራ አለ። ልጁ የተደረደረውን ከሰል ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም አዲስ አበባ ላለ ገዢ ይልክ ነበር፤ ዋጋውም በዚያው ይመለስለታል። መጀመሪያ ስልኩ የተበላሸ መስሎት ሲሙን እያወጣ ሲያስገባ ሰነበተ። ኋላ የሁሉም ሰው ስልክ እንደዚያው መሆኑ ታወቀ። ከወራት በኋላ ስንገናኝ አጎቴ ስለ ዋጋው አላማረረኝም። የጠየቀኝ ሌላ ነበር። «አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ንገረኝ። ይኼን ነገር የዘጋው ማነው? ወረቀት አለው?»

የዋህ ጥያቄ መስሎኝ ነበር። እያደር ሳስበው ግን ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ዴሞክራሲ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይኼን የሚያህል አላገኘሁም።

ዳታው በጠፋበት ሰሞን የወጣው አዋጅማ ወረቀት ነበረው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የደነገገው ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 እንደሚለው የተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ካልሆነ አዋጁ በ15 ቀን ውስጥ ሊቀርብለት ይገባል፤ ምክር ቤቱም ተጠርቶ ነሐሴ 8 አጸደቀው። ስድስት ወር ሞላ፤ በጥር 2016 ለአራት ወር ተራዘመ፤ በግንቦት መጨረሻ አበቃ። አዋጁን የደገፈም የተቃወመም የሚከራከርበት ጽሑፍ፣ የሚቆጥረው ቀን ነበረው። ያው አንቀጽ 93 አንድ መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋም፣ ቦርዱም በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ስም በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ይፋ እንዲያደርግ ያዛል። ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰዎች፣ አገር በጭንቅ ላይ ባለችበት ሰዓት እንኳ ሕዝብ ሊነገረው የሚገባ ነገር እንዳለ አስበውበታል ማለት ነው።

የሞባይል ኢንተርኔቱ በዚያው ሰሞን ተቋረጠ። መቋረጡ ከአዋጁ ጋር መጣ፤ አዋጁ ሲያበቃ ግን አብሮ አልሄደም። በአንዳንድ ከተሞች የተመለሰው ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ማን እንዳዘዘ፣ በየትኛው ሕግ እንዳዘዘ፣ እስከ መቼ እንደሆነ የሚገልጽ፣ ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ ለሕዝብ አልቀረበም።

በአገራችን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ሰኔ 2011 በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ባለሥልጣናት ከተገደሉ በኋላ ተቋርጧል። ሰኔ 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቷል። የትግራይ ሕዝብ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል በጨለማ ቆይቷል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሐምሌ 2011 ጋዜጣዊ መግለጫቸው ኢንተርኔት ውሃም አየርም እንዳልሆነ፣ ሁከት ማነሣሻ ከሆነም ከሳምንትም በላይ ሊዘጋ እንደሚችል ተናግረው ነበር።

ያን አባባል ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። በ2011 ለአጎቴ ምናልባት እውነት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ራሱ መንግሥት ነገሩን ወደ ውሃነት እያስጠጋው መጥቷል። በ2012 የዲጂታል ኢትዮጵያ ስትራቴጂ ጸደቀ። ግንቦት 2013 ቴሌብር ሥራ ጀመረ። በ2015 ጸደይ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መግዛት ቀርቶ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ክልሎች ተዳረሰ። ክልላችን ዳታ ያጣው ከዚያ ጥቂት ወራት ቆይቶ ነው። ቴሌብር ያለ ዳታም በአጭር ቁጥር ይሠራል፤ ይኼ እውነት ነው፣ ብዙ ሰውም ታድጓል። ይሁን እንጂ ዛሬ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር እየተጠየቀ፣ ብሔራዊ ፈተናው ሳይቀር በኮምፒዩተር እየተሰጠ ነው። የዜግነት በር በዚህ መስመር ላይ ከተተከለ፣ በሩን የሚዘጋ ሰው በጽሑፍ የመዝጋት ግዴታ አለበት።

የሚዘጋበት ምክንያት ኖሮ አያውቅም ብዬ አልከራከርም። ጥቅምት 2014 የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር መአረግ አማረ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውና ፎቷቸው ከስም ማጥፋት ጋር በፌስቡክ ተሰራጭቶ ነበር። ልጃቸው ልጥፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው አመልክቶ ሰሚ በማጣቱ በታኅሣሥ 2015 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ፍርድ ቤት ከሷል። ይህን የሰማ ሰው ማኅበራዊ ሚዲያ ልጓም አያስፈልገውም ሊል አይችልም። እኔም አልልም።

ልጓሙ ግን ተጽፎ ተቀምጧል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭት መከላከያና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ኩባንያዎቹ ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ልጥፍ እንዲያነሡ ያዛል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ሰው ሐሰተኛ መረጃ ቢያሰራጭ ቅጣቱ ይከብድበታል። እኔ በዚህ አዋጅ ላይ ቅሬታ አለኝ፤ «ሐሰተኛ መረጃ» የሚለው ትርጉሙ ሰፊ ነው፣ ጋዜጠኛን ለማሰር ይመቻል ብዬ እሠጋለሁ። ቢሆንም አዋጁን ከፍቼ፣ አንቀጹን ጠቅሼ፣ እዚህ ዓምድ ላይ ልሟገተው እችላለሁ። ተከሳሽም ዳኛ ፊት ቆሞ ይከራከርበታል። መስመሩ ሲቆረጥ ግን የተናገረውም ያልተናገረውም እኩል ይቀጣል። የአጎቴ ልጅ በሕይወቱ ከከሰል ፎቶ ሌላ የለጠፈው ነገር የለም። ልጇ ዐረብ አገር ያለች የሰፈራችን እናት ደግሞ ድምፅዋን ለመስማት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ደግነት ስትጠብቅ ነበር።

እኛ አዊዎች ደንብ እንወዳለን። ጥር 23 እንጅባራ ላይ ያ ሁሉ ፈረሰኛ ሲወጣ ያየ ሰው የሚያደንቀው ጌጡንና ግልቢያውን ነው። እኔን የሚገርመኝ ከኋላው ያለው ሥርዓት ነው። የፈረሰኞች ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቶ የቆየ፣ ሀዘንተኛ የሚያጽናና፣ የተጣላ የሚያስታርቅ ማኅበር ነው። በእድርም እንደዚያው ነው፤ መዋጮ ያስተጓጎለን አባል ሳይጠሩ፣ ጥፋቱን ሳይነግሩ፣ የሚለውን ሳይሰሙ ከመዝገብ መፋቅ ነውር ነው። ከአንድ ድንኳንና ከጥቂት ድስት ለማገድ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ ሚሊዮኖችን ከዓለም ለማገድ ስንት እጥፍ መጠንቀቅ ይገባል?

ሕንድ በዚህ ረገድ ብዙ የዘጋች አገር ናት። ካሽሚር ውስጥ በሐምሌ 2011 መጨረሻ ኢንተርኔት ሲዘጋ አንዲት የጋዜጣ አዘጋጅ፣ አኑራዳ ባሲን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደች። ፍርድ ቤቱ በጥር 2012 በሰጠው ውሳኔ መዝጋትን ጨርሶ አልከለከለም። ያለው፣ ላልተወሰነ ጊዜ መዝጋት አይፈቀድም፤ ትእዛዙም ለሕዝብ መታተም አለበት፣ ካልታተመ በፍርድ ቤት እንዴት ይሞገታል ነው። አጎቴ ይህን ውሳኔ አልሰማም። ዞሮ ዞሮ የጠየቀው ግን ይህንኑ ነው።

እኛም ዘንድ የጎደለው ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ በአንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የመቀበልና የማሰራጨት መብትን ሰጥቶ ገደብ የሚጣልበት በሕግ ብቻ መሆኑን ይናገራል። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የመሥሪያ ቤት ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲከለስ መንገድ ከፍቷል። ከ2011 ወዲህ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚባል ተቆጣጣሪም አለን። የቀረው አንድ ግልጽ ሕግ ነው። መስመር የሚያስቆርጠው ባለሥልጣን በስሙ ይፈርም፤ ምክንያቱንና ወረዳውን ይጻፍ፤ የሚያበቃበትን ቀን ያስቀምጥ፤ በማግሥቱ ያሳትመው፤ ለማራዘም ሲፈልግ ዳኛ ፊት ይቅረብ። የዞናችን ምክር ቤት አባላት፣ እኛን ወክለው አዲስ አበባ የተቀመጡትም፣ በእጃቸው የሚያነሡት ወረቀት ሲኖር ነው በስማችን መጠየቅ የሚችሉት። ወሬ ይዞ ማንንም መጠየቅ አይቻልም።

ባለፈው አዲስ ቅዳም ሄጄ ነበር። ዳታው ተመልሷል፤ ልጁም ፎቶውን ይልካል። ማታ አጎቴ ሳጥኑን አውጥቶ የዘንድሮውን የግብር ደረሰኝ አጥፎ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠ። ዓይኔን አይቶ የማስበው ገብቶት መሰለኝ፤ ሳጥኑን ሳይዘጋ፣ «ያን ወረቀት እስካሁን አላገኘኸውም?» አለኝ።

«አላገኘሁም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ቦታ ልተውለት» አለና ደረሰኞቹን ወደ አንድ ጎን ገፋ አደረጋቸው።